ለሙዚየማችን እያንዳንዱ አባል በራሱ ስም ይጠይቅ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦
ጤና ይስጥልኝ፣ አባላት። እሑድ የተነሳውን ሐሳብ አሳጥሬ አቀርባለሁ፤ እያረማችሁ የጋራችን እናድርገው።

ለወረዳችን ሙዚየም ቤቱ ተገኝቷል። የጎደለው የመስታወት ማሳያ፣ መብራትና የዕቃዎቹ መዝገብ ነው። እስከ ዛሬ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ለድርጅቶች እንበትን ነበር። መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሁን እያንዳንዳችን በራሳችን ስም ለዘመድና ለጓደኛ ጥሪ እናቅርብ። ሰው ለማያውቀው ሙዚየም ኪሱን አይዳብስም፤ ለሚያውቀው ሰው ግን ይዳብሳል። 30 ነን። አንዳችን 20 ሰው ብናገኝ፣ አንዱ ሰው በአማካይ 500 ብር ቢሰጥ 300,000 ብር ይሆናል። ጊዜው ከጥምቀት እስከ ዓድዋ በዓል፣ ከጥር 11 እስከ የካቲት 23 ቢሆንስ? ምኒልክ አንጎለላ ተወልደው፣ ከእንጦጦ በፊት አንኮበር የነገሡ የኛው የሸዋ ሰው ናቸው። ቀኑ ለጥሪያችን መዝጊያ ያምራል።

ገንዘብ ያዥዋ፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ብሩ በ30 ሰው ቴሌብር ውስጥ ከገባ እኔ ሒሳብ አልይዝም። ድሮ በሰፈራችን ለአንድ ሥራ ከእጅ ወደ እጅ መዋጮ ተሰብስቦ ነበር። ማንም አልሰረቀም፤ ደብተርና ብሩ ግን አልገጠሙም። ሁለት ጎረቤታሞች እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን አይቀመጡም።

ስለዚህ ብሩ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ የሚያወጡት ሦስት ፈራሚዎች ይሁኑ። ለያንዳንዱ አባል ቁጥር እሰጣለሁ። ላኪው “ምክንያት” የሚለው ቦታ ላይ 07 ወይም 19 ብሎ ይጽፋል። በማን ጥሪ እንደገባ በዚያ አውቃለሁ። በየቅዳሜው ማታ ድምሩን እዚሁ እለጥፋለሁ።

አዲስ አበባ ያለው አባል፦
ጥር አይሆንም! ጥር የሠርግ ወር ነው። በሳምንት ሁለት የጥሪ ካርድ ይደርሰኛል፤ ደመወዜ ከመድረሱ ያልቃል። የኔ ጓደኞችም እንደዚያው ናቸው። ጥርን ለዝግጅት እንጠቀምበት፤ ጥሪው ከየካቲት 1 እስከ 23 ብቻ ይሁን። ሦስት ሳምንት አጭር አይደለም። ሲረዝም ሰው “ነገ እልካለሁ” እያለ ይረሳል።

ደግሞ አደራ፣ ግሩፕ ላይ በትኖ መተኛት አይሠራም። ለሁሉም የተላከ መልእክት ለማንም አልተላከም። ቅርብ ለሆኑ አምስት ሰዎች ለየብቻ ደውሉ። ከዚያ በፊት ራሳችሁ ስጡ። “አንተስ ስንት አዋጣህ?” ሲባል መልስ ይኑራችሁ።

መምህርቷ፦
ምን ብለን እንደምንጠይቅ ማንም አላነሳም። ባለፈው ሳምንት በሦስት ጓደኞቼ ሞከርኩት። መጀመሪያ “ቅርስን መጠበቅ የትውልድ ግዴታ ነው” ብዬ ጻፍኩ። አንዷ የጸሎት እጆች ላከችልኝ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። በማግስቱ የአያቴን እንዝርት ፎቶ አንስቼ ላኩ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። መንዝ ብርዱ አጥንት ይገባል። የበጉን ጸጉር ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ባና ይሆናል። የአያቴ እንዝርት ጣቷ የሚይዘው ቦታ ላይ ጠቁሯል፤ እንጨቱም እዚያ ጋ ቀጥኗል። ከታች ያለው ክብ ተሰንጥቆ በሰም ተጣብቋል። በሱ የተፈተለውን ባና ለብሼ ነው ትምህርት ቤት የተመላለስኩት። ይህንን ጻፍኩና “ይቺ እንዝርት ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው ያለችው፤ የመስታወት ሳጥን እንግዛላት” አልኩ። ሦስቱም ደወሉልኝ። አንዷ ስለ እናቷ ሞሰብ ስታወራ አለቀሰች።

ስለዚህ እያንዳንዱ አባል አንድ ዕቃ ይምረጥ። ከቤቱ ቢሆን ይሻላል።

ጋሼ (የማኅበሩ ሽማግሌ)፦
እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እኔ የአባቴን ቁና እመርጣለሁ። ክረምት ላይ እህል ያለቀበት ጎረቤት በዚያ ቁና ገብስ ይበደር ነበር። አባቴ ሲሰጥ ሞልቶ፣ ሲቀበል ግን ልኩን ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የሰጠ ይመስገን፣ ያልሰጠ አይጠራ። የስም ዝርዝር አንብበን ሰው እንዳናሸማቅቅ። ጡረተኛ 50 ብር ቢልክ በዚያው ቀን፣ በስሙ፣ እንደ ባለ 5,000ው ይመስገን። ብር የሌለው እንጨት ይጥረብ፣ ግድግዳ ይምረግ፤ እሱም ይጻፍለት።

ሁለተኛ፣ ዕቃው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይለይ። ያዋሰና የሰጠ አንድ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ጨርሶ አንነካም። የቅርስ አዋጅ 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ አሮጌ ዕቃ ከመቀበላችን በፊት የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን እንጠይቅ። መዋጮውንም ከመጀመራችን በፊት ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ እንጠይቅ።

ውጭ አገር ያለው አባል፦
በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ገንዘብ ከሚከፍልባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። እዚህ በስሜ ገጽ ከፍቼ በባንክ አስተላልፋለሁ። የተሰበሰበውን፣ የተቆረጠውንና የተላከውን ወረቀት ሳይቀር አሳያለሁ።

ጸሐፊው፦
እንግዲህ ተስተካክሏል። ጥሪው ከየካቲት 1 እስከ 23። ብሩ በአንድ ሒሳብ፣ በአባል ቁጥር። አንድ አባል፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ታሪክ። የጋሼ ሁለት ነጥቦች እንዳሉ ገብተዋል። የ300,000ውን ግብ አልቀየርኩም፤ ያልደረስንበት እንደሆነ መጀመሪያ የሚገዛው የመስታወት ማሳያው ነው፣ መብራቱ ይቆያል። ይህም በጥሪው ላይ ይጻፍ፤ ሰጪው ከወዲሁ ይወቀው። ፎቶ ማንሳት የሚችል ማነው?

መምህርቷ፦
እኔ አነሳለሁ። ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ እመጣለሁ። ቁናውን እንዳያጥቡት፣ ገብሱ የተጣበቀበት እንዳለ ይሁን።