የጋራ ረቂቅ፦ መዋጮ በቢትኮይን ስለመቀበልና ከመጠባበቂያው አንድ አስረኛውን ስለማዛወር

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። ጠቅላላ ጉባኤው ሳይደርስ ሁሉም አንብቦ ይጻፍበት። አንድ፦ ውጭ አገር ያሉ የማኅበሩ አባላት መዋጯቸውን በቢትኮይን፣ በኢንተርኔት ብቻ በሚንቀሳቀሰው ዲጂታል ገንዘብ፣ መክፈል ይችላሉ። ሁለት፦ ለአዳራሹ ከተጠራቀመው መጠባበቂያ አንድ አስረኛው ወደ ቢትኮይን ይዛወራል። ሦስት፦ የዋሌቱ፣ የቢትኮይኑ ዲጂታል ቦርሳ፣ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን? ይኼ ክፍል ባዶ ነው። የሚጽፈው ሰው እፈልጋለሁ።

የወጣቶች ተወካይ፦
ሦስተኛውን ለእኔ ተዉት። እስከ ዓርብ አደርሳለሁ።

የውጭ አባላት ተወካይ፦
አንደኛው ነጥብ ሳይሸራረፍ ይለፍ። መዋጮ በላክን ቁጥር ላኪው ይቆርጣል፣ መሃል ያለው ባንክ ይቆርጣል፣ ምንዛሪው ላይ ደግሞ ሌላ ይሄዳል። ከዚያ "መዋጮው ጎደለ" ተብሎ ስማችን በውዝፍ ዝርዝር ይለጠፋል። ያንን ዝርዝር ማን እንዳወጣው ሁላችንም እናውቃለን።

ገንዘብ ያዥ፦
ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወደፊትም አወጣለሁ። የገባው ሲጎድል ጎደለ ይባላል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ገንዘብ ሦስት ሥራ አለው። ይገዙበታል፣ ያስቀምጡበታል፣ ዋጋና ዕዳ ይቆጥሩበታል። ቢትኮይን የመጀመሪያውን በመጠኑ ይሠራል። ሁለተኛው እንደ ዕድል ነው። ሦስተኛውን ጨርሶ አይሠራም። የምንከፍለው ኪራይ፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የኮንትራክተሩ ውል፣ በቢትኮይን የተጻፈ አንድም የለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 አንዱ ቢትኮይን 69 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። በዓመቱ ከ16 ሺህ በታች ወረደ። ኮንትራክተሩ ያን ጊዜ ክፈሉኝ ቢል ምን እንለው ነበር? ዋጋው እስኪመለስ ጠብቀን?

የወጣቶች ተወካይ፦
በዲሴምበር 2024 ደግሞ ከ100 ሺህ አልፏል። እሱን ለምን ዘለሉት እትዬ? ባንክ የተቀመጠው መጠባበቂያ የመግዛት አቅሙ በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ከወረቀቱ ገንዘብ ኋላም ወርቅ የለም። አሜሪካ ዶላርን ከወርቅ ያላቀቀችው በኦገስት 1971 ነው። ዚምባብዌ በ2009 ባለ 100 ትሪሊዮን ኖት አትማለች። ቢትኮይን ከ21 ሚሊዮን አያልፍም። በየብሎኩ፣ ማለት በየአዲሱ የመዝገብ ገጽ፣ የሚወጣው አዲስ ሳንቲም በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በ2009 ሲጀመር 50 ነበር፣ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ 3.125 ነው። አንድ ባለሥልጣን ተነስቶ ጨምሩ ቢል የሚሰማው የለም።

ኦዲተር፦
ብዛቱ መወሰኑ ብቻውን ዋጋ አይሰጥም። ዋጋ የሚመጣው "ነገ ሌላ ሰው ይቀበለኛል" ከሚል እምነት ነው። እዚህ ላይ ግን ወጣቱን የሚደግፍ ነገር አለ። ያፕ በምትባል የፓስፊክ ደሴት ሰዎች ግዙፍ ክብ ድንጋይ እንደ ገንዘብ ይጠቀሙ ነበር። አንዱ ድንጋይ በጀልባ ሲመጣ ባሕር ውስጥ ሰጠመ ይባላል። ቢሰጥምም የባለቤቱ ሀብትነት አልቀረም። የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበራ። ቢትኮይንም በየትኛው የሒሳብ አድራሻ ምን ያህል እንዳለ ሁሉም የሚያየው መዝገብ ነው። ስለዚህ "አይጨበጥም፣ ዋጋ የለውም" የሚለው ክርክር ጉባኤ ላይ እንዳይነሳ። ያዋርደናል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው የመንግሥትን ገንዘብ ወደደም ጠላም የሚፈልገው ግብር ስላለበት ነው። ቢትኮይንን በሕግ ለመደገፍ የሞከረች አገር ኤል ሳልቫዶር ናት። በሴፕቴምበር 2021 ሕጋዊ መገበያያ አደረገችው፣ ነጋዴው እንዲቀበል ሕግ አወጣች። በጃንዋሪ 2025 ሕጉን አሻሽላ መቀበሉን ለፈቃድ ተወችው። የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ደግሞ በ2022 አውጃ በ2023 ሻረችው። አገር ያልቻለውን እኛ በመተዳደሪያ ደንብ ልናደርገው ነው?

ነባር አባል፦
ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? "በአሃዝ" የሚለው ቦታ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቤት ብቻ ነው ያለው። "በፊደል" የሚለው አንድ መስመር ነው።

ጸሐፊ፦
ትንሽ ነገር ናት፣ በኋላ እናስተካክላታለን።

ነባር አባል፦
ትንሽ ነገር አይደለችም። ያ የደረሰኝ ጥራዝ የጠፋ ጊዜም "ትንሽ ነገር" ተብሎ ነበር። ማን ሲጠየቅ እንደከረመ ታውቃላችሁ።

የወጣቶች ተወካይ፦
0.00083142 ተብሎ ይጻፋላ። ምን ችግር አለው?

ነባር አባል፦
በፊደል ጻፈው እስቲ።

የወጣቶች ተወካይ፦
ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ስምንት ሦስት አንድ አራት ሁለት ቢትኮይን።

ነባር አባል፦
አንዷን ዜሮ ብትዘል አሥር እጥፍ ነው። በፊደል የሚጻፈው እኮ አሃዙን ማንም እንዳይነካካው ነው። ይኼ ለሌባ በር ከፍቶ መስጠት ነው።

ሒሳብ ሹም፦
በሳቶሺ ይጻፍ። አንድ ቢትኮይን 100 ሚሊዮን ሳቶሺ ነው። ያው መጠን 83,142 ሳቶሺ ይሆናል። "ሰማንያ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት ሳቶሺ"። ነጥብ የለውም፣ በአንድ መስመር ይገባል።

የግንባታ ኮሚቴ፦
ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይስ? ሚሊዮን በሚሊዮን ሊሆን ነው። አባሉ ይህን ያህል ገብቶ አዳራሹ ለምን አላለቀም ብሎ እኛን ነው የሚይዘን። አምና የሰማነው ይበቃናል።

ሒሳብ ሹም፦
አምድ ርእሱ ላይ "ሳቶሺ" ተብሎ ይጻፋል።

የግንባታ ኮሚቴ፦
ርእስ የሚያነብ የለም።

ነባር አባል፦
ጥራዙ ቁጥር ተሰጥቶት የታተመ ነው። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ "ሳቶሺ" ብሎ መሰረዝ መደለዝ አይፈቀድም። ኦዲተሩ ይመስክር።

ኦዲተር፦
አይፈቀድም። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ደረሰኝ አልቀበልም።

የወጣቶች ተወካይ፦
ጋሼ፣ ዓለም ከ2009 ጀምሮ እየተጠቀመበት ስላለ ነገር ነው የምናወራው። እዚህ የደረሰኝ መስመር ይለካል። በዚህ አያያዝ አዳራሹም በእኛ ዕድሜ አይሠራም።

ነባር አባል፦
አዳራሹ የሚያርፍበትን መሬት ያስከበርነው በወረቀት ነው። ክሱ ሲመጣ ያዳነን ያ የምትንቀው ደረሰኝ ነው። አንተ ያኔ የት ነበርክ? ስልክ ላይ ቁጥር ሲወጣ ሲወርድ ማየት ሥራ መሰለህ?

የውጭ አባላት ተወካይ፦
ልጁ ምን አጠፋ? አዲስ ነገር ባመጣ ቁጥር ይረገጣል። ከዚያ ወጣቶች ስብሰባ አይመጡም ትላላችሁ።

ሰብሳቢ፦
በቃ። ማንም የማንንም ሥራ አይናቅ። የጥራዙ ጉዳይ ያለቀ የሽማግሌ ጉዳይ ነው፣ እንደገና አይከፈትም። ወደ ረቂቁ።

ነባር አባል፦
እሺ። ልጄ፣ ክፉ አትያዝብኝ። ግን ደረሰኙን መልሱልኝ።

ሒሳብ ሹም፦
አዲስ ጥራዝ ይታተም። ሁለቱም ይጻፍበት። ሳቶሺውም፣ በመደበኛው ገንዘብ ያለው ግምቱም።

ገንዘብ ያዥ፦
የስንት ሰዓት ግምት?

ሒሳብ ሹም፦
የተላከበት ሰዓት።

ኦዲተር፦
አይሆንም። አዲስ ብሎክ የሚወጣው በአማካይ በየ10 ደቂቃው ነው። ብዙዎች ክፍያው ጸና የሚሉት ስድስት ብሎክ ካለፈ በኋላ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ። ደረሰኝ የሚቆረጠው ገንዘብ ሲገባ ነው እንጂ ሲላክ አይደለም።

የውጭ አባላት ተወካይ፦
ከእጄ ካወጣሁ በኋላ ዋጋው ቢወድቅ የእኔ ጥፋት ነው? በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ወርዶ ውዝፍ ዝርዝር ውስጥ ልግባ?

የግንባታ ኮሚቴ፦
ቢወጣስ? ትርፉ የማን ነው? ትርፉን ለማኅበሩ ኪሳራውን ለአባሉ ከሆነ ማንም አይከፍልም።

ሒሳብ ሹም፦
የዕለቱ አማካይ ይያዝ።

ነባር አባል፦
የየትኛው አገር ዕለት? እነሱ ጋ ሌሊት ሲሆን እዚህ ቀን ነው።

የውጭ አባላት ተወካይ፦
እኛ ራሳችን በአንድ ሰዓት አቆጣጠር አይደለም ያለነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ደረሰኙን አትናቁት፣ ደረሰኙ ነው ነገሩን ያወጣው። የተላከበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የዕለቱ አማካይ ትላላችሁ። ይህን ሁሉ የምትለኩት በምንድነው? በመደበኛው ገንዘብ ነው። እስካሁን "መዋጮው ይህን ያህል ሳቶሺ ይሁን፣ ከዚያ አይነካ" ያለ አንድ ሰው የለም። እስቲ የሚል ካለ ይምጣ። በኖቬምበር 2021 የተመንነውን ሳቶሺ በዓመቱ ብንሰበስብ ሩብ ያህሉ ነው የሚገባን። በ2022 መጨረሻ የተመንነውን ደግሞ በ2024 መጨረሻ ክፈሉ ብንል አባሉ ከአምስት እጥፍ በላይ ይጠየቃል። የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር መሆኑን አልካድኩም። የሚገዛው እስካለ ዋጋ አለው። ዕዳ የሚጻፍበት ግን አይደለም። መጠባበቂያችን ደግሞ የተቀመጠው ለዕዳ ነው።

ኦዲተር፦
ይኼ አባባል እንዳለ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ።

ሒሳብ ሹም፦
እንግዲያው ስቴብልኮይን እንቀበል። አንዱ አንድ ዶላር እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ዲጂታል ሳንቲም ነው። የሰዓቱ ጭቅጭቅ ይቀራል። ሁለተኛው ነጥብ ለጊዜው ከረቂቁ ይውጣ።

የውጭ አባላት ተወካይ፦
እኔ ይስማማኛል። ቢትኮይን የዝውውር ክፍያው ራሱ የሚንርበት ጊዜ አለ።

ኦዲተር፦
የትኛው ስቴብልኮይን? በሜይ 2022 ቴራ የሚባለው ስቴብልኮይን አንድ ዶላር ነው ሲባል በቀናት ውስጥ ወድሟል። ከጀርባው የነበረው ሉና የሚባለው የራሱ ሌላ ሳንቲም ነበር። ዩኤስዲሲ የሚባለው ስቴብልኮይን የተሻለ ነው፣ በጥሬ ገንዘብና በመንግሥት ቦንድ የተያዘ ነው። እሱም ቢሆን በማርች 2023 ወደ 0.88 ዶላር ወርዶ ነበር። ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላር የነበረው በወደቀው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ውስጥ ነበራ። በቀናት ተመለሰ። ግን ሄዳችሁ ሄዳችሁ ባንክ ላይ ነው የምትደርሱት።

አንድ አባል፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ቁልፉን ማን ይይዛል የሚለው ለምን ተረሳ? በ2022 እኔ ሳንቲሜን ያስቀመጥኩበት የዲጂታል ገንዘብ መሸጫና መለወጫ ድርጅት አንድ ቀን ማውጣት ከለከለ። ቁጥሩ ስልኬ ላይ እንዳለ ይታየኛል። "አውጣ" የሚለው ግራጫ ሆኗል። ከሥሩ "ለጊዜው ቆሟል" የሚል ጽሑፍ አለ። ጠዋት ማታ እሱን ስነካ ነው የከረምኩት። ዋጋው መውረዱ አልነበረም ያንገበገበኝ። የራሴ የሆነው በሰው እጅ መሆኑ ነው።

ኦዲተር፦
ብቻህን አይደለህም። ማውንት ጎክስ የሚባል እንዲህ ያለ ድርጅት በ2014 ሲወድቅ 850 ሺህ ገደማ ቢትኮይን ጠፋ ነው የተባለው፣ ከዚያ ውስጥ 200 ሺህ ያህሉ በኋላ ተገኘ። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ሌላው ደግሞ በኖቬምበር 2022 ኪሳራ አወጀ፣ መሥራቹ በማርች 2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሁለቱም የቢትኮይን መዝገብ አልተሰበረም። የተሰበረው አደራ ነው።

ሰብሳቢ፦
የወጣቶች ተወካይ፣ ሦስተኛው ክፍል የት ደረሰ? ዓርብ አልፏል።

የግንባታ ኮሚቴ፦
ከዚያን ቀን ወዲህ አልጻፈም።

ሒሳብ ሹም፦
ከሦስት ቁልፍ ሁለቱ ካልፈረሙ የማይከፈት ዋሌት አለ። ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር አንዳንድ ይያዙ።

ኦዲተር፦
እኔ የምመረምረውን ገንዘብ ቁልፍ አልይዝም።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም አልይዝም። ቁልፉ የሚመለስበት 24 ቃል የተጻፈበት ወረቀት ቢጠፋብኝ ባንክ ሄጄ መታወቂያ አሳይቼ የማስመልሰው ነገር የለም። የማኅበሩን ንብረት በእንዲህ ያለ ነገር አልፈርምበትም።

ነባር አባል፦
እሱስ ቁልፉን ማስረከቡ በምን ይመዘገባል? የርክክብ ቅጽ አለን?

ሒሳብ ሹም፦
የለንም። እሱም አብሮ ይታተም።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተባለውን ሰብስቤ ረቂቁን አስተካክያለሁ። አንድ፦ አዲስ የደረሰኝ ጥራዝ ይታተማል። የተከፈለበት ዓይነት፣ መጠኑ፣ የገባበት ሰዓትና በመደበኛው ገንዘብ ያለው ግምት ይኖርበታል። ሁለት፦ የንብረትና የቁልፍ ርክክብ ቅጽ ይዘጋጃል። ሦስት፦ ከውጭ በሚመጣ መዋጮ ላይ የሚቆረጠው ወጪ እንዴት እንደሚታይ ኮሚቴ ያጠናል፣ ስቴብልኮይንም በጥናቱ ውስጥ ይገባል። መጠባበቂያውን የማዛወሩ ሐሳብ ወጥቷል። የማተሚያው ወጪ ከየት እንደሚሆን አልተወሰነም።

የግንባታ ኮሚቴ፦
ከአዳራሹ መጠባበቂያ አይነካም። አስቀድሜ ልናገር።

ነባር አባል፦
ከየትም ይሁን ይታተም። ጥራዙ በሦስት ቅጂ ይሁን። ናሙናውን እኔ አመጣለሁ።

የውጭ አባላት ተወካይ፦
እኛ በየወሩ ስለሚቆረጥብን ገንዘብ ነበር የጀመርነው። አሁን ረቂቁ ስለ ማተሚያ ቤት ሆነ። ኮሚቴ ያጠናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከመሬቱ ጉዳይ ጀምሮ እናውቀዋለን። ጥናቱ እስኪያልቅ ቢያንስ በላኪና በባንክ የተቆረጠው በአባሉ ላይ እንደ ውዝፍ አይቆጠር። ይህ ካልገባ ረቂቁን አንፈርምም።

ገንዘብ ያዥ፦
የላካችሁበትን ማስረጃ ከአቀረባችሁ አልቆጥርም። ማስረጃ ለሌለው ግን እቆጥራለሁ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ነው፣ ያለፈው ይቆያል።

የውጭ አባላት ተወካይ፦
ያለፈው ለምን ይቆያል? ዋናው እሱ ነው።

ጸሐፊ፦
አራተኛ ነጥብ አድርጌ "ያለፈውን ይጨምራል" እና "አይጨምርም" የሚሉትን ሁለቱንም አስገብቻለሁ። ጉባኤው ድምፅ ይስጥበት። ለሚያጠናው ኮሚቴ ሦስት ሰው እፈልጋለሁ።