የእግር ጉዞ ቡድን ሲበዛ እንዴት ይመራል? (ደሴና አካባቢው)

ጠያቂ፣ ከቧንቧ ውሃ፦
ጤና ይስጥልኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የሰፈሬን ሰዎችና የሥራ ባልደረቦቼን ያለ ክፍያ እየመራሁ ወደ ጦሳ ተራራ እወጣለሁ። ስምንት ሆነን የጀመርነው ጉዞ አሁን ሠላሳ ሰው ደርሷል። በባለፈው ጉዞ ድንገት ጉም ወረደብንና ወደ ኋላ የቀሩ ሁለት ሰዎች መንገድ ስተው በሌላ በኩል ወርደው ኖሮ፣ ያገኘናቸው ሊመሽ ሲል ነው። ይህን ሁሉ ሰው ብቻዬን እንዴት ልምራ? ወደ ኮምቦልቻ በእግር ለመውረድም አስበናልና ሰዓቱን በምን ልገምት?

መልስ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦
ልጄ፣ ብቻህን አትመራም። ከሁሉ ታጋሽ የሆነውንና ጉልበት ያለውን ሰው ደጀን አድርገህ ከኋላ አቁመው፤ ከእርሱ ኋላ ማንም አይቀርም። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ደግሞ ፊተኛው የደጀኑን ፊት ሳያይ አይንቀሳቀስ። ስትነሱና ካረፋችሁበት ስትለቁ ቍጠር፤ «ሁሉም አለ?» ብሎ መጠየቅ ቈጠራ አይደለም፣ የሌለ ሰው «የለሁም» አይልምና።

ስለ ሰዓቱ፣ ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስካሁን ይሠራበታል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በእግር ውረዱና በሚኒባስ ተመለሱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ በአስፋልቱ ዳር እንዳትሞክሩት፤ የከባድ መኪና ሹፌር እግረኛን የሚያየው ከታጠፈ በኋላ ነው። ስሌቱ ዕረፍትን ስለማያካትት እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ።

መልስ፣ ነርስ፣ ከሆጤ፦
መምህር ያሉት ስለ ደጀኑ ልክ ነው፤ ግማሽ መጨመሩ ላይ ግን አልስማማም። ሠላሳ ሰው የሚሄደው በደካማው እግር ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው በሳምንቱ መንገዱን ከቡድኑ ዘገምተኛ ከሆነው ሰው ጋር ሄደው በሰዓት ይለኩት። ያን ዕለት ውሃው የት እንዳለ፣ እህሉ ካልታጨደ በየትኛው ማሳ ዳር እንደሚታለፍም ያያሉ።

እኛ ወሎዎች ስለሆንን ሌላም ነገር አለ። የምሳውን ዕረፍት ከዙህር ሶላት ጋር አገጣጥመው ውሃ አጠገብ ቢያደርጉት ውዱእ የሚያደርገው አይቸገርም። ለስንቅ ቆሎና ዳቦ ካልሆነ በጾም ወራት የሚበላና የማይበላ ተለይቶ ይቀመጣል። በረመዳን ረጅሙን መንገድ ይተዉት። ባለገሩ «ቡና ጠጡ» ካለም ሠላሳ ሆኖ ቤቱን መሙላት ነውር ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ጉዞውም ይመሻል። አመስግነው ይለፉ። በበልግም በክረምትም ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታመንምና በጠዋት ይነሡ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ በሁለት ቡድን፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሆነን እንሄዳለን። ደጀን ልሁን ብሎ የጠየቀኝ፣ የሚገርመው፣ ያን ቀን ከጠፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው፤ ፊሽካም ገዝቷል።