ለባለቤቴ የእንግሊዝ ቪዛ የመኖሪያ ቤት ማስረጃ ስለማቅረብ የእርዳታ ጥያቄ
አዲስ አበባ ላለችው ባለቤቴ የእንግሊዝ የትዳር ቪዛ ለማመልከት ስዘጋጅ የመኖሪያ ቤት ማስረጃው ላይ ተቸግሬያለሁ። ለንደን ውስጥ የምኖረው ወንድሜ ከሚስቱና የ4 እና የ7 ዓመት ልጆቹ ጋር በተከራየው፣ ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ባለው ቤት ሲሆን፣ አንዱን መኝታ ቤት ለእኛ ለብቻችን ለቀውልናል፤ በሜትር ስንለካው 11 ካሬ ሜትር ሆኗል። ቤት ከመጠን በላይ መጨናነቁን በሚለካው በእንግሊዝ የ1985 (እ.ኤ.አ.) የቤቶች ሕግ ሳሎንም ስለሚቆጠር ሦስት ክፍል አምስት ሰው ይይዛል፤ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደ ግማሽ ሰው ስለሚታሰብም ልክ አምስት እንሆናለን። የአከራዩ ደብዳቤ ግን «መኖር ትችላለች» ከማለት በቀር የክፍሎቹን ብዛትም ሆነ የነዋሪዎቹን ስም አይጠቅስም። ይህን ከኪራይ ውሉ ጋር ማቅረብ ይበቃል ወይስ የቤት ፍተሻ ሪፖርት ማሠራት ይኖርብኛል? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፤ ሁለት ዓመት ተለያይተን ከርመን ማመልከቻው በአንድ ወረቀት ጉድለት ውድቅ እንዳይሆንብን በእጅጉ ሰግቻለሁ።