ለቀጣዩ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በምናስገባው ደብዳቤ የመጀመሪያው ነጥብ የውድድር ዘመኑ ርዝመት ይሁን ባይ ነኝ። ሂሳቡን እዩት። 14 ክለቦች በደርሶ መልስ ቢጫወቱ ለእያንዳንዳቸው 26 ጨዋታ ይደርሳቸዋል። ሁሉንም አንድ ከተማ ሰብስበን በሳምንት ሁለቴ ካጫወትናቸው በ13 ሳምንት እናጠናቅቃለን። በየክለቡ ሜዳ በሳምንት አንዴ ከሆነ ግን ግማሽ ዓመት ይሞላል፤ የምንጠይቀውም ይህንን ነው። ሊጉ ቶሎ ሲያልቅ ውሉም ያጥራል። ልጅቷ የቀረውን ጊዜ በምን ትኑር?

የቀድሞ ተጫዋች፦ እኔም እስማማለሁ። ጉልበትንም ጨምሪበት። የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ቢያንስ በእጥፍ ይበዛል። ከዚያ ጉዳት ለመመለስ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እኛ እሁድ ተጫውተን ረቡዕ እንደገና እንገባ ነበር። ፋሻ ሲያልቅ ወጌሻው ከተቀያሪዎቹ እግር እየፈታ ለቋሚዎቹ ያስር ነበር።

የቡድን መሪ፦ ልጆቼ፣ ነገሩ ይገባኛል። ግን ሆቴሉን፣ አበሉንና አውቶቡሱን ማን ይችለዋል? ከድሬዳዋ አርባ ምንጭ መንገዱ ቀላል ነው እንዴ? በሜዳዬ ብጫወት የሰፈሩ ሴት ልጆች ቡድናችንን መጥተው ያዩ ነበር፤ እሱን በጣም እፈልገዋለሁ። ወጪውን ካልመለስን ግን ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ፀሐፊ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። እንዲህ ቢሆንስ? ወደ ደቡብ የሚወርድ ቡድን ሐዋሳንና አርባ ምንጭን በአንድ ጉዞ ይጫወት፤ በመሃል አራት ቀን ይረፍ። የአዲስ አበባ ክለቦች እርስ በርስ ሲገናኙ ደግሞ ሆቴል አያስፈልጋቸውም። መርሐ ግብሩ ቀድሞ ከወጣ ይቻላል።

የቡድን መሪ፦ ይሄ ያስኬዳል። የጉዞውን ወጪ እኔ አሰላለሁ።

ዳኛ፦ ሰዓቱንም አንርሳ። አንድ ሜዳ ላይ በቀን ሦስት ጨዋታ ሲደረግ የመሃሉ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ በተቦጫጨቀ ሣር ላይ። ሙቀት ባለበት ከተማ ጨዋታው ከ10 ሰዓት በኋላ ይጀመር። ሕጉ ለሙቀት ከ90 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የማቀዝቀዣ ዕረፍት ይፈቅዳል፤ በውድድር ደንባችን ላይ በግልጽ ይጻፍልን።

የቀድሞ ተጫዋች፦ የወሊድ ነገርስ? ፊፋ ከ2021 ጀምሮ ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ደንግጓል፤ 8ቱ ከወሊድ በኋላ ናቸው። ክፍያው ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛ በታች አይሆንም። ስታረግዝ ውሏ የሚቋረጥባት ልጅ መኖር የለባትም። ሊጉ በሚጠቀምበት የውል ቅጽ ላይ ይግባልን። በዚህ አልደራደርም።

ፀሐፊ፦ ራሱን የቻለ አንቀጽ አደርገዋለሁ።

ደጋፊ፦ እኔ የሚያሳስበኝ መዝጊያው ነው። የንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን በ2016 ነሐሴ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ ኬንያ ፖሊስን አሸንፎ የሴካፋን፣ ማለትም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ወሰደ። በኅዳር ሞሮኮ ላይ ከአፍሪካ ሻምፒዮኖች ጋር ተጫወተ። ሊጉ ሰኔ ላይ ካላለቀ ሻምፒዮናችን ሳያርፍ፣ አዲስ ፈራሚዎቹንም ሳያዋህድ ማጣሪያ ይገባል።

ፀሐፊ፦ በሰኔ አጋማሽ ይጠናቀቅ ብዬ ጽፌዋለሁ። ጋሼ፣ የጉዞውን ስሌት እስከ ሐሙስ ያድርሱኝ። ዳኛችን፣ የሰዓቱን አንቀጽ አንተ አርቅቀው። ቅዳሜ ሁላችንም አንብበን እንፈርማለን።