የ1958ቱ ቤታችን ቧንቧ በኖራ ተደፍኗል፤ ወለል ሳይፈነቀል መቀየር ይቻላል?

የነምበር ዋኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነምበር ዋን ሰፈር፣ አባቴ በ1958 ዓ.ም ባሠራው የድንጋይ ቤት ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤ ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል፣ ሚስማር እንኳ አያስገባም። ቤቱ ደህና ነው። ቧንቧው ነው ያረጀብን።

ወረፋችን ሲደርስ ውሃው ይመጣል። ግቢ ውስጥ ያለችው ቧንቧ ባልዲውን ወዲያው ትሞላዋለች። ቤት ውስጥ ግን ኩሽናው ክር የምታህል ነው የሚያወርደው፣ ሻወሩንማ ተዉት። ሰገነቱ ላይ ሮቶ አለን፤ ሞልቶም ያው ነው። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ደግሞ ቀይ ነው፣ ነጭ ልብስ አይታጠብበትም።

በቀደም የኩሽናው ኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያው) ሲያፈስ ሠራተኛ ጠርተን ቆርጦ ያወጣውን ቁራጭ አስቀምጬዋለሁ። ግማሽ ኢንች ብረት ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ ከውስጥ ነጭና ቡኒ ኖራ ዙሪያውን ተጋግሮበት የቀረው ቀዳዳ እርሳስ በግድ ያስገባል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ኖራ ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፣ እየፋቀ ነው ያደገው። ግድግዳ ውስጥም ያው ሥራውን ሲሠራ እንደኖረ አላሰብንም።

ሁለት ባለሙያ አስመጣሁ። አንደኛው ወለሉም ግድግዳውም ተፈንቅሎ ሁሉም በ20 ሚሊ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ይቀየር አለ። ሁለተኛው የኩሽናውን መስመር ብቻ እንቀይር፣ ሌላው ገና ነው አለ። እናቴ ሁለቱንም ሰምታ ለመጀመሪያው መልሱን ሰጠችው፤ «ይቺን ንጣፍ ባለቤቴ በእጁ መርጦ ያስነጠፋት ናት፤ እኔ እያለሁ መዶሻ አያርፍባትም።» ንጣፉ ያ የድሮው ባለ አበባ ነው፣ ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም። እኔም ብሆን አላስነካውም።

እና ጥያቄዬ፦ ወለል ሳይነካ መቀየር ይቻላል ወይ? ሁሉንም ልቀይር ወይስ ግማሹን? ፒፒአሩስ የድሬን ኖራ ይችለዋል?

ሳቢያን 04፦

አቦ ለምን ትቸገሪያለሽ! ሮቶው ውስጥ አሲድ ጨምሪበት፣ አንድ ሌሊት ቧንቧው ውስጥ ይደር፣ ጠዋት ክፈቺው። ኖራው እየፈላ ይወጣል። ጎረቤቴ አድርጎት ውሃው እንደ ልብ ነው የሚወርድለት።

አሮጌው ቧንቧ ሠሪ፦

እህቴ፣ አሲዱን ተዪው። ኖራውን ያሟሟል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ኖራውን ከጨረሰ በኋላ የብረቱን ልባስ ዚንኩን፣ ከዚያም ብረቱን ይበላል። ስልሳ ዓመት ያገለገለ ብረት ላይ ብዙ ቦታ ውሃውን ይዞ ያለው ያው ዝገቱና ኖራው ራሱ ነው። እሱ ሲነሳ ግድግዳ ውስጥ የት የት እንደሚያፈስ አታውቂውም። በዚያ ላይ እናትሽ ከሚጠጡበት ሮቶ አሲድ ምን አገባው? የጎረቤትየውን ቧንቧ ከርሞ እናየዋለን።

አሁን ወደ ነገራችን። እኔ ድሬ ውስጥ ቧንቧ ስሠራ ነው ያረጀሁት፤ የምነግርሽ የድሬን ነው፣ ለአዲስ አበባ ቤት ሌላ ሰው ይምከር። የኛ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፣ ከመሬት በታች የኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲሄድ የኖረ ውሃ ነው። ኖራውን ይዞት ይመጣል፤ ሲሞቅ ደግሞ ቶሎ ያራግፈዋል። ድሬ ላይ ሮቶው በፀሐይ እየፈላ፣ ጣሪያ ላይ የተዘረጋው ብረት እየጋለ የማይሞቅበት ቀን ምን ያህል ነው? ስለዚህ የትኛውንም ቧንቧ ብታስገቢ ኖራው ይመጣል። ፒፒአር ውስጡ ለስላሳ ነው፣ አይዝግም፣ ኖራው እንደ ብረቱ ጥርስ አያገኝም፤ ግን ጨርሶ አይዝም የሚልሽን ሻጭ አትመኚው። ሥራው ሁሉ ነገ ተከፍቶ እንዲጸዳ ሆኖ ነው መሠራት ያለበት። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ በሴራሚክ የታሸገ ቧንቧ ለዚህ ከተማ አይሆንም። እናትሽ ወለሉን ማስከልከላቸው ጠቅሞሻል።

የመጀመሪያው ሰውዬ 20 ሚሊ ያለሽን አልቀበልም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ብረት በውስጡ ነው የሚጠራው፣ ፒፒአር በውጭው። ግማሽ ኢንች ብረት አዲስ እያለ ውስጡ 16 ሚሊ ገደማ ነው። ፒኤን 20 የሚባለው ወፍራሙ ፒፒአር 20 ሚሊ ሲሆን ግድግዳው ብቻ 3.4 ሚሊ ስለሆነ ውስጡ የሚተርፈው 13.2 ነው። አዲስ ቧንቧ ገዝተሽ ከድሮው አዲስ ቧንቧ የጠበበ አስገባሽ ማለት ነው። ግማሽ ኢንቹን የሚተካው 25 ነው፣ ውስጡ 16.6። ሦስት አራተኛ ኢንቹን የሚተካው 32 ነው። ሮቶውን በኢንች ብረት የሚያወርድ ካለሽ 40 ይግባ። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ነው ብለሽ አትናቂው፤ ቀዳዳው በግማሽ ሲጠብ የሚያልፈው ውሃ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ ከአምስት አንድ እጅ በታች ይወርዳል። ክር የሚያህለው ውሃሽ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሮቶውም የራሱ ጣጣ አለው። ውሃ በአንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት የአንድ ባር አንድ አሥረኛ ነው። ከሻወሩ ራስ 3 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ነው የሚሰጥሽ፤ መስመሩ ከጠበበ እሷም መንገድ ላይ ታልቃለች። ስለዚህ ከሮቶ የሚወርደው ዋናው መስመር ወፍራም ይሁን፣ 20 ሚሊ የሚገባው መጨረሻ ላይ ወደ እጅ መታጠቢያው በሚገነጠለው አጭር ቁራጭ ብቻ ነው።

መስመሩ በየት ይሂድ ላልሽው በውጭ በኩል ነዋ። በረንዳው ሥር ጥላ ባለበት ግድግዳ ዋናውን አዙሪው፣ ለኩሽናና ለባኞ ቤት እዚያው ፊት ለፊት ግድግዳውን በስተው ይግቡ። አንድ ክንድ ድንጋይ መብሳት ቀላል ባይሆንም ሁለት ሦስት ቀዳዳ ነው። ወለል አይነካም። ግን ውጭ ሲሆን ሁለት ነገር አለ። ፀሐይ ፒፒአርን ታደርቀዋለች፣ ዓመታት ሲያልፉ ይሰነጠቃል። ጥላ በሌለበት ሁሉ ይሸፈን፤ ከቆጣሪው እስከ ሮቶ ያለውን ደግሞ ኤችዲፒኢ በሚባለው ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ አድርጊው፣ ጥቁረቱ የካርቦን ነው፣ ፀሐይ ይችላል። ሌላው፣ ፕላስቲክ በሙቀት ይረዝማል። 10 ሜትር ፒፒአር ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጨምር 4 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይለጠጣል። ማቀፊያውን አጥብቀው ካሰሩት እንደ እባብ ተጣሞ ታዪዋለሽ፣ መጋጠሚያው ላይም ይጎትታል። ማቀፊያው ላላ ይበል፣ ረጅሙ መስመር መሐል ላይ መታጠፊያ ይኑረው።

ግማሹን ልቀይር ላልሽው፣ ሁለተኛው ሰውዬ ሐሳቡ ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። አዲሱን ከአሮጌው ብረት ጋር ለማጋጠም የድሮው ጥርስ ሲጠመዘዝ ግድግዳ ውስጥ ይሰበራል። ባይሰበርም የተናወጠው ዝገት ሄዶ አዲሱን ቧንቧ ይደፍናል። በወረፋ የሚመጣ ውሃ ደግሞ ለብረት ጠላት ነው፤ ውሃው ሲሄድ አየር ይገባል፣ እርጥብ ብረትና አየር ሲገናኙ ነው ዝገቱ የሚበረታው። ያ ቀይ ውሃሽ ሌላውም መስመር እንዳለቀ ነው የሚነግርሽ። ገንዘብ ካነሰሽ ዋናውን መስመር ሙሉ በሙሉ ዘርጊና አንዱን ክፍል አስገቢ፣ የሌላውን አፍ በቫልቭ ዘግተሽ አቆዪው።

ለየክፍሉ አንድ አንድ ቫልቭ፣ ከየቫልቩ ኋላ ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም መጋጠሚያ) ይኑር። ዩኒየን ሠራተኞች ለመቆጠብ የሚዘልሏት ነገር ናት፤ እሷ ካለች ቁራጩን ፈትተሽ ኖራውን አራግፈሽ ትመልሺዋለሽ፣ ከሌለች መጋዝ ነው። መስመሩ ዝቅ በሚልበት ቦታ ደግሞ ማራገፊያ ቧንቧ ይግባ።

ብየዳው ላይ ቁሚና እዪ። ማሽኑ 260 ዲግሪ ነው የሚሆነው። 20 ሚሊው 5 ሰከንድ፣ 25ቱ 7፣ 32ቱ 8 ሰከንድ ነው የሚሞቀው። ወሬ እያወራ አብዝቶ የሚያሞቅ ሰው ፕላስቲኩን ወደ ውስጥ ያቀልጠውና ቀዳዳውን ይዘጋዋል፣ ከውጭ አይታይም። የተቆረጠው ጫፍ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ሲያልቅ በእጅ ፓምፕ ግፊት አስገብቶ ያሳይሽ፤ ከምትጠቀሙበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ቀዳዳዎቹ በሲሚንቶ የሚደፈኑት ከዚያ በኋላ ነው።

የነምበር ዋኗ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴን አስቀምጬ አነበብኩላት። «ይሄ ሰው ማን ልጅ ነው?» አለችኝ። በረንዳው ሥር ያሉት ይስማማናል፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀረው የድሮው ብረት ምን ይሁን? ደግሞ ቦይለር የሚገባበት መስመር ላዘጋጅ ወይ? እናቴ ድሬ ላይ ቦይለር የሚያስገባ ሰው ገንዘቡ የተረፈው ነው ትላለች፤ እሷ ከሰዓት በኋላ ከሮቶው የሚወርደውን ሙቅ ውሃ እያበረደች ነው የምትታጠበው።

አሮጌው ቧንቧ ሠሪ፦

እናትሽ ልክ ናቸው። የቦይለር ማሞቂያው ላይ ኖራው ምን እንደሚጋገር ባየሽ። የድሮውን ብረት ከቆጣሪም ከሮቶም ቁረጪው፣ ውሃውን አራግፈሽ ሁለቱን ጫፍ በታፖ (በመድፈኛ) ዝጊውና ይቀመጥ። ለማውጣት ግድግዳ አትፈንቅይ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ ተመልከቺ። ከዞረች መሬት ውስጥ የሚፈስ አለ ማለት ነው፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ፍሳሽ ደግሞ ከአንቺ ኪስ ነው የሚከፈለው። እንደዚያ ከሆነ ከግቢው መስመር ጀምሩ።

መብራት ሠራተኛው፦

ጣልቃ ልግባ፣ ስለ ውሃ አይደለም። እህት፣ ቤቱ የድሮ ከሆነ የመብራቱ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) የት እንደታሰረ አሳዪ። በዚያን ዘመን ብዙ ቤት ኧርዙን ከውሃ ቧንቧው ጋር ነበር የሚያስሩት፤ ብረቱ መሬት ውስጥ ስለሚገባ ይሠራል። ብረቱ ተቆርጦ ፕላስቲክ ሲገባ ኧርዝ የለሽም፣ ግን መብራቱ እንደበፊቱ ስለሚበራ ማንም አያውቀውም። የሚታወቀው ልብስ ማጠቢያው ወይም ፍሪጁ በእርጥብ እጅ ሲነካ ሲነዝር ነው። ከመብራት ቆጣሪው ሳጥን አጠገብ ወይም ባኞ ቤቱ አካባቢ ከብረቱ ጋር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ካለ ፈልጊ። ካለ፣ ቧንቧው ከመቆረጡ በፊት አዲስ የኧርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ይግባ። የድሬ አሸዋ ደረቅ ስለሆነ አጭር ዘንግ አይበቃም፤ እርጥበት የሚያገኝ ቦታ ተመርጦ ጠልቆ ይቀበር፣ በመሣሪያም ይለካ።

የነምበር ዋኗ፦

አሁን ሄጄ አየሁ። ባኞ ቤቱ መስኮት ሥር በቀለም የተሸፈነ ሽቦ ብረቱ ላይ ተጠምጥሟል! ስንት ጊዜ ስቀባው የነበረ ነው። ልብስ ማጠቢያችን ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንተ የምትለውን አሠራለሁ።

ጋሼ፣ ቆጣሪው አልዞረም፣ ተመስገን። 25ና 32 ፒኤን 20 ልገዛ ነው። የቀረው የእናቴ ጥያቄ ነው፤ ኒሙ ሥር ያለችው የግቢ ቧንቧ ብረቷ እንዳለ ትቅር ብላለች። ጎረቤት ከእሷ ነው የሚቀዳው፣ ፕላስቲክ ላይ ጀሪካን ሲያንጠለጥሉበት ይሰበራል ትላለች።

አሮጌው ቧንቧ ሠሪ፦

ትቅር። ግን ከቆጣሪው በራሷ ቫልቭ ለብቻዋ ትውጣ፣ ዝገቷ ወደ ቤት እንዳይመጣ። ቋሚዋንም በኮንክሪት አስይዢያት፣ ጀሪካኑ ለብረቱም አይመለስም።