ራም ተጨምሮለት «በቂ ሜሞሪ የለም» የሚል የድሮ ኤስኪውኤል ሰርቨር

ጥያቄ፦ የግምጃ ቤቱ ሰው

ጤና ይስጥልኝ። ቢሮአችን ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራችንን የምናካሂድበት ፕሮግራም ዛሬም የሚሠራው በኤስኪውኤል ሰርቨር 2005 (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) ባለ 32 ቢት፣ በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ኢንተርፕራይዝ ላይ ነው። ጊዜው ያለፈበት መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ፕሮግራሙን የጻፈልን ድርጅት ከተበተነ ቆይቷል፣ የመቀየሪያው በጀትም ገና አልተፈቀደም፤ ስለዚህ «ቀይሩት» የሚለውን ምክር ከወዲሁ በምስጋና ተቀብዬዋለሁ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ስንጀምር ሁሉም ነገር ደህና ነው። መርካቶ፣ ካዛንቺስና ሜክሲኮ ያሉት መደብሮቻችን የሽያጭና የቆጠራ ፋይላቸውን በኤክስኤምኤል (መረጃን በምልክት እየከፋፈለ በሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) መልክ ሲልኩ ይውሉና፣ 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን በቂ ሜሞሪ የለም የሚለው ስሕተት ቁጥር 701 መውጣት ይጀምራል። ሰርቪሱን አጥፍቼ ሳስነሳው ይስተካከላል፤ በማግስቱ ያው ነው። በሰኔ 30 ቆጠራ ሰሞንማ በቀን ሦስት ጊዜ ለማስነሳት ተገድጄ ነበር።

ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳድጌዋለሁ (ይህ አሮጌ ማሽን የሚቀበለውን ዓይነት ፍለጋ ሁለት ቀን ሙሉ መርካቶን ዞሬአለሁ)። በቡት ዶት ኢኒ ፋይል ውስጥ ፒኤኢን (ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም እንዲያይ የሚያደርገውን) ጨመርኩ፣ ኤደብሊውኢን (ያንን ራም ኤስኪውኤል ሰርቨር እንዲጠቀምበት የሚያስችለውን) አበራሁ፣ የሰርቨሩንም የሜሞሪ ጣሪያ 6 ጊጋባይት ላይ ወሰንኩ። ለውጥ የለም። እንዲያውም ታስክ ማናጀር ላይ ሰርቨሩ የያዘው 200 ሜጋባይት እንኳ የማይሞላ ሆኖ ይታያል። ያ ሁሉ ራም የት ገባ?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

በቅድሚያ ታስክ ማናጀርን አይመኑት። ኤደብሊውኢ ሲበራ የተያዘው ሜሞሪ እዚያ አይቆጠርም፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያገኙት ፐርፎርማንስ ሞኒተር ላይ፣ በሜሞሪ ማናጀር ሥር ካለው «ቶታል ሰርቨር ሜሞሪ» ነው። ኤደብሊውኢ በእርግጥ መነሣቱን ደግሞ የሰርቨሩ ሎግ መጀመሪያ ላይ ያረጋግጡ። «አድሬስ ዊንዶዊንግ ኤክስቴንሽንስ ኢኔብልድ» የሚለው መስመር ከሌለ፣ ሰርቪሱ የሚሠራበት አካውንት «ሎክ ፔጅስ ኢን ሜሞሪ» የተባለው መብት አልተሰጠውም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ እኔ የምጠረጥረው የተጠራቀሙ የጥያቄ ፕላኖችን (ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደሚፈጽም አውጥቶ የሚያስቀምጣቸውን) ነው። የፕላን ካሹን በትእዛዝ ያጽዱትና 9 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ።

ጠያቂው፦ የግምጃ ቤቱ ሰው

አመሰግናለሁ። መስመሩ ሎጉ ላይ አለ፤ ቶታል ሰርቨር ሜሞሪም 6 ጊጋባይት ገደማ ያሳያል፤ ስለ ራሙ ያለኝ ሥጋት በዚህ ተወግዷል። የፕላን ካሹን ግን ሁለት ጊዜ ባጸዳውም ስሕተቱ አልቀረም። አንድ ነገር ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፦ ስሕተቱ በወጣ ቁጥር ሎጉ ላይ «ፌይልድ ቨርቹዋል አሎኬት ባይትስ፦ ፌይል ቨርቹዋል ሪዘርቭ 65536» የሚል መስመር አብሮ ይጻፋል።

መልስ፦ አሮጌ ዳታቤዝ

ይህን መስመር መጀመሪያ ላይ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ መርካቶን ሁለት ቀን ከመዞር በዳኑ ነበር። 65536 ባይት 64 ኪሎባይት ነው። ስምንት ጊጋባይት የተገጠመለት ማሽን 64 ኪሎባይት አጣሁ ሲል ያጣው ራም ሊሆን አይችልም፤ ያጣው የአድራሻ ቦታ (ፕሮግራሙ ሜሞሪን የሚጠራባቸው ቁጥሮች) ነው።

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ፣ በተለመደው ቅንብር፣ አንድ ፕሮግራም በአድራሻ ሊደርስበት የሚችለው፣ ራሙ ምንም ያህል ቢሆን፣ 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር 2005 ሲነሣ ከዚህ ውስጥ አስቀድሞ 256 ሜጋባይት ለብቻው ይተዋል፤ ለሠራተኛ ትሬዶቹም (ጥያቄዎቹን ጎን ለጎን ለሚያስኬዱት) እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜጋባይት ይመድባል፤ እስከ አራት ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ትሬዶቹ 256 ስለሆኑ ድምሩ 384 ሜጋባይት ይሆናል። የቀረውን 1.6 ጊጋባይት ያህል ቦታ በፈር ፑል (ከዲስክ የተነበቡ የዳታ ገጾች የሚቆዩበት ክፍል) ይይዘዋል። ኤደብሊውኢ ከ2 ጊጋባይት በላይ ያለውን ራም እንዲጠቀም የሚያስችለው ይህን በፈር ፑል ነው፤ ያም ቢሆን ለዳታ ገጾች ብቻ። እርስዎ የወሰኑት የ6 ጊጋባይት ጣሪያም የሚመለከተው እሱኑ ነው። ስለዚህ ሳሎኑን አሰፉት እንጂ ማድ ቤቱ እንደነበረው ነው፤ ድስቱ የተደራረበው ደግሞ ማድ ቤት ነው።

ከበፈር ፑል ውጭ ወደ ተተወው ትንሽ ቦታ የሚገቡት ከሰርቨሩ ውጭ የተጻፉ ነገሮች ናቸው፦ ኤክስቴንድድ ፕሮሲጀሮች፣ ሊንክድ ሰርቨሮች፣ በኤስፒ ኦኤ ክሪኤት የሚጠሩ ኦብጀክቶች፣ እንዲሁም ኤክስኤምኤልን የሚተነትነው ኤምኤስኤክስኤምኤል። መደብሮቹ ቀኑን ሙሉ ኤክስኤምኤል እንደሚልኩ ጽፈዋል። ፋይሉን የሚያስገባው ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው የትእዛዞች ስብስብ) ፋይሉን የሚከፍተው በኤስፒ_ኤክስኤምኤል_ፕሪፔርዶክዩመንት ከሆነ፣ በኤስፒ_ኤክስኤምኤል_ሪሙቭዶክዩመንት ካልተዘጋ በቀር ሰነዱ ኮኔክሽኑ እስኪቋረጥ ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ነገ ከቀትር በኋላ ኤስዋይኤስ.ዲኤም_ኤግዜክ_ኤክስኤምኤል_ሃንድልስ የተባለውን ፈንክሽን በዜሮ ጠርተው ይመልከቱ። በየኮኔክሽኑ ሳይዘጉ የቀሩትን ሰነዶችና ሥራ ፈትተው የቆዩበትን ጊዜ ያሳይዎታል።

መልስ፦ ሜክሲኮ አደባባይ

ይህን ያህል ከመድከም «ጂ» የሚለውን የማስጀመሪያ አማራጭ ተጠቅሞ 256ቱን 512 ማድረግ ይቻላል። እኛ ዘንድ በዚሁ መንገድ ሁለት ዓመት ሠርተናል።

መልስ፦ አሮጌ ዳታቤዝ

ይቻላል፤ ሊንክድ ሰርቨር ለሚያበዛ ሰው እኔም የምመክረው ነው። ነገር ግን የሚጨመረው 256 ሜጋባይት የሚቀነሰው ከበፈር ፑል የአድራሻ ድርሻ ነው፤ የፕላን ካሹና የሎክ መዝገቡም የሚኖሩት እዚያ ነው። ሰነዶቹ የማይዘጉ ከሆነ ደግሞ የ9 ሰዓቱ ስሕተት ወደ 11 ሰዓት ይዛወራል እንጂ አይቀርም። መጀመሪያ ስንት ሰነድ ሳይዘጋ እንደቀረ እንይ።

ጠያቂው፦ የግምጃ ቤቱ ሰው

ዛሬ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አየሁት። ሳይዘጉ የተቀመጡ 47 ሰነዶች ነበሩ። ሁሉም ያሉት በአንድ ኮኔክሽን ላይ ሲሆን፣ እሱም ፋይል የሚቀበለው ፕሮግራም ጠዋት ከፍቶ እስከ ማታ የማይለቀው ነው።

እኔን ግራ ያጋባኝ ፕሮሲጀሩ መዝጊያውን ትእዛዝ የያዘ መሆኑ ነበር፤ መጨረሻው መስመር ላይ በግልጽ ተጽፏል። ቁጭ ብዬ ስከታተለው ግን መዝጊያው ያለው ትራይ በሚለው፣ ዋናው ሥራ በሚሞከርበት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ መስመር ከተሳሳተ አፈጻጸሙ በቀጥታ ወደ ካች፣ ስሕተት ሲፈጠር ወደሚሠራው ክፍል፣ ይዘልላል፤ እዚያ ደግሞ ስሕተቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ሰነዱን የሚዘጋ የለም። በዚህ ላይ ተቀባዩ ፕሮግራም ያልተሳካውን ፋይል በየ10 ደቂቃው ደግሞ ይሞክራል፤ በሞከረ ቁጥርም አንድ ሰነድ ይከማቻል።

የተሳሳተውን ፋይል አውጥቼ ሳየው፣ የመደብሩ ሠራተኛ ብዛት በሚለው ዓምድ ሥር ዜሮ መጻፍ ሲገባው «አልቋል» ብሎ ጽፏል። ቃሉ ወደ ቁጥር ሊቀየር ስለማይችል ፋይሉ ይወድቃል። በሰኔ 30 ቆጠራ ያለቀ ዕቃ ሁሉ ስለሚመዘገብ «አልቋል» የሚለው ቃል በየፋይሉ ሞልቶ ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ ያስነሣሁትም ለዚህ ኖሯል።

ካች ውስጥ ሰነዱ ተከፍቶ እንደሆነ አረጋግጦ የሚዘጋ መስመር ጨምሬአለሁ፤ ተደጋጋሚውን ሙከራም ወደ ሦስት ወስኜዋለሁ። አሁን 11 ሰዓት ከ20 ነው፤ የተከፈተ ሰነድ የለም፣ 701ም አልወጣም። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ፕሮሲጀሩን ጨርሶ ከኤምኤስኤክስኤምኤል ማላቀቅ ይቻላል?

መልስ፦ አሮጌ ዳታቤዝ

ይቻላል። 2005 ራሱ ኤክስኤምኤል የሚባል የዳታ ዓይነት ስላለው፣ ሰነዱን በዚያ ዓይነት ተቀብለው ኖድስ በሚለው ሜተድ መዘርዘር ይችላሉ፤ የሚከፈትም የሚዘጋም ነገር አይኖርም። በጀቱ ሲፈቀድ ደግሞ ባክአፑን ወስደው ባለ 64 ቢት ሰርቨር ላይ መመለስ ነው፤ የፋይሉ አቀማመጥ አንድ ስለሆነ ልወጣ አያስፈልገውም፣ የ2 ጊጋባይቱ አጥርም እዚያ የለም። ኤደብሊውኢን ፍለጋ እንዳይደክሙ፦ ከ2012 እትም ጀምሮ ወጥቷል።