አሮጌውን ቤት ለእንግዳ መክፈት፦ የምክረ ሐሳቡ ሁለተኛ ዙር ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ደርሷችኋል። ባጭሩ፣ ቤቱ ይታደስ፣ ፎቁ ስድስት መኝታ ክፍል ይውጣው፣ ምድሩ የቅርስ ማሳያ ይሁን ይላል። ለገንዘብ ሰጪ ከመላኩ በፊት የማትስማሙበትን አሁን ተናገሩ። ኋላ «እኔ ብዬ ነበር» አይሠራም።

አናጺው፦ እኔ ከመነሻው ነው የማልስማማው። ረቂቁ ስለ አልጋና መጋረጃ ሁለት ገጽ ያወራና ጣራውን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ወጥቼ አይቼዋለሁ። በስተጓሮ ያሉት የወራጆቹ ጫፎች በጣት ሲወጉ ይገባሉ። እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ መበስበስ ይጀምራል፤ አሸንዳው ተቀዶ ውሃው በግድግዳው ሲወርድ ስንት ክረምት እንዳለፈ እንጃ። ጣራ፣ አሸንዳ፣ በመሠረቱ ዙሪያ የውሃ ቦይ። ሌላው ከዚያ ወዲያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን በቦይ ልቡ የሚነካ ገንዘብ ሰጪ አላውቅም። ፎቶ ላይ የሚያምር ነገር ይፈልጋሉ።

አናጺው፦ የወደቀ ጣራም ፎቶ ይነሣል፣ ልጄ።

ግንበኛዋ፦ «ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል» የሚለው ይሰረዝልኝ። የዚህ ቤት ድንጋይ የተያያዘው በጭቃና በኖራ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በልስኑ በኩል ያተነዋል። ሲሚንቶ ከለበሰ መውጫ ያጣል፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይላሽቃል፣ ከዚያ ልስኑ በገበታ በገበታ ይረግፋል። ጎንደር የፋሲል ግቢ ላይም በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነው ኋላ እየተነሣ በኖራ መተካት ነበረበት። ታዲያ ኖራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ነው። በስስ በስሱ ይደረባል፣ ቶሎ እንዳይደርቅ ይረጠባል፣ ዝናብ እንዳይመታው ይሸፈናል። በሦስት ወር ጨርሱ የሚል ውል እኔ አልፈርምም።

መምህሩ፦ ስለ ሰገነቱም ልጨምር። «ፊት ለፊት ሰገነት ስለነበረው ይሠራለታል» ተብሏል። ማን አየው? እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዓለም አቀፉ የቅርስ እድሳት ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ እድሳት ግምት ሲጀምር መቆም አለበት ይላል። የጎደለ ሲተካም ከቤቱ ጋር ተስማምቶ፣ ግን ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። ፎቶግራፍ ወይም የምሰሶ ቀዳዳ ካልተገኘ ሰገነቱን እንተወው።

ወጣት አባል፦ እኔን የከነከነኝ ስድስቱ ክፍል ነው። ስድስት ክፍል ማለት ስድስት መታጠቢያ፣ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚሄድ ቧንቧ ማለት ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1976ቱ የፍሪዩሊ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ባዶ የቀሩ የመንደር ቤቶችን ለመጠቀም ያመጡት ዘዴ አለ፤ «አልቤርጎ ዲፉዞ» ይሉታል፣ የተበተነ ሆቴል እንደማለት። (አልቤርጎ ሲባል የምትስቁ አላችሁ፤ አውቃለሁ።) እንግዳው አንድ ቤት ይመዘገባል፣ የሚያድረው በመንደሩ ቤቶች ነው። የእኛ አሮጌ ቤት ሳይከፋፈል መቀበያና ማሳያ ይሁን፤ መኝታው በአባላት ቤት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እንግዳው ሁልጊዜ ወደ ሰብሳቢው ቤት እንዳይላክ ምን ዋስትና አለ? ተራው በጽሑፍ ካልሰፈረ በዓመቱ ተጣልተን እንበተናለን። ከእያንዳንዱ አዳርም የተወሰነ እጅ ለጣራው ይቀመጥ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው ላንድማርክ ትረስት ታሪካዊ ቤቶችን አድሶ ለእረፍት እያከራየ በገቢው ይጠግናቸዋል፤ እኛም ጥገናውን ከመጀመሪያው እንግዳ እንጀምረው።

ሰብሳቢው፦ ስሜ ስለተነሣ፣ ከተራው የመጨረሻው እኔ ልሁን። ስድስቱን ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አንሥቻለሁ። አንድ መታጠቢያ ግን ከቤቱ ውጭ ለብቻው ይሠራ፤ መቀበያ ያለ መጸዳጃ አይሆንም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ መግቢያው እንዲህ ይስተካከላል፦ «ማኅበሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ ጣራውን፣ አሸንዳውንና የውሃ ቦዩን ይጠግናል፤ ግድግዳው በኖራ ይለሰናል፤ የቤቱ የውስጥ አከፋፈል አይነካም፤ እንግዶች በአባላት ቤት በተራ ያድራሉ።» ጋሼ፣ የወራጆቹን ቁጥርና ርዝመት እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ። ገንዘብ ያዥ፣ የተራውን ደንብ አንተ ጻፈው፤ የጠረጠርከው አንተ ነህ።

ግንበኛዋ፦ «በኖራ» ከሚለው ጎን «በበጋ ወራት» የሚል ይግባ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል።